ሁለት ሰው ነው የቀረ

ወሎ፣ መርሳ ከተማ የተማርን ሰዎች ይዘነው የወጣነው አንድ ቃል አለ፦ «አብሽሩ»። ወሎ ውስጥ አይዟችሁ ማለት ነው። ደግ ቃል ነው፤ የታመመ ሲጠየቅ፣ ያዘነ ሲጽናና የሚባል። እኛ ግን አብዝተን የሰማነው ከመኪና ረዳት አፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ «አብሽሩ፣ አሁን እንወጣለን» ይለናል። 1 ሰዓት ላይ «አብሽሩ፣ ሁለት ሰው ነው የቀረ» ይለናል። 2 ሰዓት ተኩል ላይም ሁለት ሰው ነው የቀረ። አምስት ሰው ገብቶ እንኳ ሁለት ሰው ነው የቀረ። እነዚያ ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደሚመጡ፣ ለምን ጧት ተነሥተው እንደማይመጡ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኛ ማለት የተማሪዎች ምደባ ወደ መርሳ የጣለን ልጆች ነን። ከአሰላ፣ ከሆሳዕና፣ ከጋምቤላ፣ ከጅማ፣ ከአዲስ አበባ የሄድን። ምደባው የወጣ ቀን ሰው ሁሉ የነገረን አንድ ነገር ነበር፦ «ታድላችሁ! ላሊበላ አጠገባችሁ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገባችሁ፣ ውጫሌ አጠገባችሁ።» እውነታቸውን ነው። ሐይቅ ከመርሳ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውጫሌ ከዚያም ይቀርባል፤ ወደ ሐይቅ ሲኬድ መንገድ ላይ ነው። ላሊበላም በወልድያና በጋሸና ዞሮ 200 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ በጥቂት ነው። እናቴ አሰላ መናኸሪያ ስትሸኘኝ ስንቄን ካስያዘችኝ በኋላ ያለችኝ «ላሊበላን ስትሳለሚ እኔንም አስቢኝ» ነው። ለእሷ እኔ የምሄደው ለትምህርት ብቻ አልነበረም። እሷ ያልደረሰችበት አገር ልጇ ልትደርስላት ነው።

ቅዳሜና እሁድ ሁለት ቀን ነው። ከሁለቱ ላይ ልብስ አጠባ ይነሣል። ሰኞ የሚገባ አሳይመንት ይነሣል። ያልተኛነው የሳምንቱ እንቅልፍ ይነሣል። ስለዚህ ሽርሽር የሚባል ነገር በሴሚስተር አንዴ ቢገኝ ነው፤ ያውም ፈተና ካልደረሰ፣ ኪስ ካልነጠፈ፣ ሰው ካልቀረ። ሰው ግን ይቀራል። ወደ ሐይቅ የሄድን ጊዜ አሥር ሆነን ስም አስመዝግበን፣ መዋጮ አዋጥተን፣ ማታ ተማምለን ተኝተን፣ ጠዋት ስድስት ሆነን ነው የተገኘን። የሁለቱ ስልክ ዝግ ነው። አንዱ ሆዱን አሞታል። አንዷ «ሂዱ እደርስባችኋለሁ» አለች፤ በምን እንደምትደርስብን አልነገረችንም።

ስድስታችን ሦስት ወንድ ሦስት ሴት ሆነን ገና ሳይነጋ ወጣን። መንገድ ዳር የቆመው ዶልፊን ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል። እኛ ስንገባ ይሞላል፣ ወዲያው ይወጣል ብለን ደስ አለን። ገብተን ቦታ ቦታችንን ያዝን። ወዲያው አንዱ «መጣሁ» ብሎ ወረደ። ሌላው ካርድ ሊገዛ ወረደ። ጋቢ የለበሱት ሰውዬ ስልክ እያወሩ ወረዱ፣ ተመልሰውም አልመጡ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መኪናው ውስጥ የቀረነው እኛና ዶሮ የታቀፉ አንዲት እናት ብቻ ሆንን። መጨረሻ የወረደው መፋቂያ በጥርሱ የያዘ ልጅ ነው። በመስኮት በዓይኔ ተከተልኩት። ዞሮ ከኋላችን ተራ የሚጠብቀው መኪና ውስጥ ገባ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ መፋቂያውን ቀጠለ። ረዳቱ ከውጭ «ሞላ! ሞላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። የልጁ ሥራ መቀመጥ ነው። ተሳፋሪ መስሎ ተቀምጦ ተሳፋሪ ማምጣት ነው። እንደዚያ ጠዋት የተናደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ቀድሞ ከአልጋ ያስነሣን፣ ቁርስ ሳንቀምስ ያስሮጠን፣ እንዳያመልጠን የፈራነው መኪና ባዶ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ቅዳሜ መንገድ ዳር ከቆምኩ በኋላ ገባኝ። መኪናው ብዙ ጊዜ የሹፌሩ አይደለም። ለባለቤቱ በቀን የሚያስገባው የተቆረጠ ገንዘብ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ የተራ አስከባሪ ድርሻ አለ። አንድ ወንበር ባዶ ከሄደ ጉዳቱ በቀጥታ ከእሱ ኪስ ነው። እሱን አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት። ግን ወንበሩ እንዲሞላ እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ብንቀመጥ ጉዳቱ ከማን ኪስ ነው? ከማንም። በዚያ መንገድ ላይ ሁሉ ነገር ዋጋ አለው፤ ሽንኩርቱ ዋጋ አለው፣ ዶሮዋ ዋጋ አላት፣ ጣሪያ ላይ የተጫነው አልጋ ዋጋ አለው። ዋጋ የሌለው የእኛ ሰዓት ነው። ለዚህ ነው ማንም የማይቆጥበው። ሰዓት ለይቶ የሚነሣ መኪና የለም እንዳይባል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚመላለሱት ትልልቅ አውቶቡሶች ንጋት ላይ በሰዓታቸው ይነሡ ነበር። ችግሩ መሀል መንገድ ላይ ያለነው ነን። መርሳ መነሻም መድረሻም አይደለችም፤ ሁሉ የሚያልፍባት ናት።

3 ሰዓት ሊሆን ሲል ሞላ። ሞላ ማለት ግን በእኛ ቋንቋ አንድ ነገር ነው፣ በረዳቱ ቋንቋ ሌላ። ከሞላ በኋላ «ተጠጋጉ» አለ። ሦስት ሰው በሚይዘው ላይ አራተኛ ገባ። ከዚያ ዱካ ወጣ፤ መተላለፊያው ላይ ሁለት ሰው ተቀመጠ። ሞተሩ ላይ አንድ። ከእግራችን ሥር የብርቱካን ከረጢት፣ ከብርቱካኑ ላይ የእኛ ቦርሳ፣ ከቦርሳው ላይ የሰው ልጅ። ለቦርሳችን ለብቻ ክፈሉ ተባልን። ጉልበታችን ላይ ላለው ሻንጣ መክፈል የት አገር ነው ያለው? ከፈልን። መልስ ስንጠይቅ «ስትወርዱ» አለን። ስትወርዱ ማለት ምን እንደሆነ መኪና የተሳፈረ ሁሉ ያውቃል።

መርሳ ሞቃት ናት። መጋቢት ላይ ገና በጠዋቱ ላብ በጀርባ ይወርዳል። መስኮት ብንከፍት ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ነፋሱ ይመታናል» ተባለ። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ዶሮ የታቀፉት እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ዝጊው በአላህ፣ ማጅራቴን ያመኛል» አሉኝ። ለእናት እንቢ አይባልም፤ ዘጋሁት። ሀያ ሁለት ሰው፣ አንዲት ዶሮ፣ አንድ ስፒከር የተዘጋ መኪና ውስጥ ሆንን። ስፒከሩ በቀኝ በኩል ራሴ ላይ ነበር። «ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንሰው» ብለን ለመንን፤ ቀነሰና ወዲያው ረሳው። ውርጌሳ ስንደርስ ሹፌሩ ጫት ሊገዛ ቆመ። «ሁለት ደቂቃ» አለ። ጎበዝ፣ ሁለት የሚባለውን ቁጥር ይህ መንገድ ምን እንዳደረገው ልንገራችሁ፦ ሁለት ሰውም ሁለት ደቂቃም መጨረሻ የላቸውም።

ከውርጌሳ ወዲያ ፊት ለፊት ትራፊክ መኖሩን ከወዲያ የሚመጣ ሹፌር በመብራት ነገረን። «ዝቅ በሉ! ዱካ ላይ ያላችሁ ዝቅ በሉ!» ተባለ። ዱካ ላይ የነበሩት አንድ ሽማግሌና የእኛው የሆሳዕናው ልጅ ናቸው። የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌ፣ ታሪፉን እጥፍ የከፈሉ፣ እንደ ሌባ ጎንበስ ብለው ራሳቸውን ከወንበር ሥር ሲደብቁ አየሁ። ጥምጣማቸው ተፈታ። ምንም አላሉም። ቀና ሲሉ ጥምጣማቸውን ቀስ ብለው መልሰው ጠመጠሙ። ያን ቀን ከደረሰብን ሁሉ እስከ አሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሐይቅ ስንደርስ ረፍዷል፤ 5 ሰዓት አልፏል። እውነት ለመናገር ውሃው ሲታይ ብዙ ነገር ይረሳል። ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ሰማያዊ ነገር ከአምባሰልና ከተሁለደሬ ተራሮች መሀል ድንገት ሲከፈት ስድስታችንም ዝም አልን። ዝምታው ዕድሜ አልነበረውም። አልጋ ይዘን ልንቀመጥ ብንል ቅዳሜ ስለሆነ ዋጋው ቅዳሜኛ ሆኗል። ዓሣ ብንጠይቅ የእንግዳ ዋጋ መጣ። ንግግራችን የአገሩ አይደለማ። ወሎ ውስጥ እየኖርን እንኳ አፋችንን ስንከፍት እንግዳ ነን።

ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሁለት ባጃጅ ሄድን። ገዳሙ ድሮ ደሴት የነበረ፣ አሁን ከየብሱ ጋር የተያያዘ ቦታ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ትምህርት ቤት ያቆሙበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። በእኔ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ከየአገሩ ተሰባስበው የተማሩበት፣ ከሩቅ ተጉዘው የደረሱበት። በሩ ላይ ስንደርስ አንድ አባት ብቅ አሉና ለወንዶቹ «ግቡ» አሉ። ለእኛ ለሦስታችን ደግሞ በለሆሳስ፦ «ልጆቼ፣ ሴት አይገባም። እዚሁ ሆናችሁ ጸልዩ፣ ይሰማል።»

ሥርዓቱን አከብራለሁ። የወንዶች ገዳም ነው፤ ዘመናት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ማንም እንዲያፈርስልኝ አልፈልግም። እሮሮዬ በአባታችን ላይ አይደለም። እሮሮዬ ከመርሳ ጀምሮ አንድም ሰው ይህን ስላልነገረን ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሁልጊዜ የሚመላለሱበት መንገድ ነው፤ ሦስት ሴት ጭነው፣ የሦስት ሴት ሒሳብ ተቀብለው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጉዞውን ያዘጋጁት የእኛው ልጆች አልጠየቁም። እኛም አልጠየቅንም። ቀድመን ብናውቅ ወንዶቹ ገዳም ሲገቡ እኛ በጀልባ ውሃው ላይ በወጣን ነበር።

በሩ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠን አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ወንዶቹ ሲወጡ ሮጠን «ምን አያችሁ?» አልን። «አሪፍ ነው» አሉን። ሌላስ? «በጣም አሪፍ ነው።» ሰው ገዳም ገብቶ፣ ስንት ዘመን የኖረ ቅርስ አይቶ ወጥቶ በር ላይ ለቀረ ሰው የሚነግረው «አሪፍ ነው» ነው? አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያሠሩት፣ የራሳቸው ሥዕል ያለበት ወንጌል እንዳለ በኋላ መጽሐፍ አንብቤ ነው ያወቅኩት፤ የተሠራው በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ያን ጊዜ አላወቅኩም፣ ብጠይቃቸውም አይነግሩኝም ነበር።

ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በ1270 እ.ኤ.አ. ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ጀምሮ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ የሐይቅ ገዳም አለቃ ማዕረግ «ዓቃቤ ሰዓት» ነበር። ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቅ፣ ከታላላቆቹ ሹመቶች አንዱ። አገሩ ሰዓት መጠበቅን ያን ያህል ክብር ሰጥቶት ነበር፤ የሾመውም ከዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ከጠበቅኩበት ገዳም ነው። ዛሬ ከዚያ ገዳም ሥር ባለው አስፋልት ላይ የመንገደኛን ሰዓት የሚጠብቅ አንድ ሰው የለም።

እሁድ መመለስ ነው። ከቅዳሜው ይብሳል። ሐይቅም እንደ መርሳ መሀል መንገድ ናት፤ መኪናው የሚነሣው ከደሴ ነው፣ ከደሴ ሞልቶ ይመጣል። ከ7 ሰዓት ጀምሮ አስፋልት ዳር ቆምን። አንዱ አለፈ። ሌላው አለፈ። ሦስተኛው ቆሞ «የት ናችሁ?» አለ። «መርሳ።» «የወልድያ ትከፍላላችሁ።» መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀድማል፤ የማንሄድበትን 30 ኪሎ ሜትር ለምን እንከፍላለን? «እንግዲያው ተቀመጡ» ብሎ ሄደ። ተቀመጥን። ተከራክረን ያሸነፍን መስሎን አንድ ሰዓት ተኩል ኮራን፤ ከዚያ የወልድያ ከፍለን ገባን። ተማሪ ሁልጊዜ በመጨረሻ ይከፍላል። ሰኞ 2 ሰዓት ክፍል አለበታ።

የወልድያ የከፈልንበት መኪና ውጫሌ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ከሌላ ሹፌር ጋር ተነጋገረ። ረዳቱ በሩን ከፈተና «የመርሳ፣ በዚያ መኪና ትሄዳላችሁ፣ ተነጋግረናል፣ አብሽሩ» አለን። ሸጡን። እኛ መሸጥ ነው የምንለው፣ ሌላ ስም የለውም፤ ተሳፋሪ ለሌላ መኪና በዋጋ ተላለፈ። ያኛው መኪና ደግሞ አልሞላም። ሁለት ሰው ነው የቀረ።

ውጫሌ እንደ መርሳ አይሞቅም፣ አመሻሹ ላይ ይበርዳል፤ እኛ ለመርሳ ሙቀት የሚሆን ስስ ልብስ ነው የለበስነው። ስድስታችን ተጠጋግተን ቆምን። ከቆምንበት ብዙም ሳይርቅ ይስማ ንጉሥ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙበት ቦታ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተፈተንንበት አንቀጽ 17፣ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው የግድ ያደረገው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ዐድዋ ድረስ የወሰደን ቃል የተጻፈበት ቦታ። ቅዳሜ ስናልፍ ሹፌሩን «አምስት ደቂቃ ቁምልን» ብለን ለምነነው ነበር፤ «መንገደኛ ጭኜ ሽርሽር?» አለን። አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆመናል። ሄደን አይተን መምጣት ይበቃን ነበር። ግን መኪናው «አሁን» ይወጣል ተብለናል። ከሄድን ያመልጠናል፣ ካመለጠን የከፈልነው ቀለጠ፣ ሰኞ ክፍል ቀረ። ስለዚህ አልተነቃነቅንም። የረዳቱ «አሁን» እና የእኛ «አሁን» ሁለት ቋንቋ ሆነው ሁለት ሰዓት ውጫሌ ላይ ታስረን ይስማ ንጉሥን ሳናይ ጨለመ።

ማታ ዶርም ገብቼ ቆጠርኩት። ከቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት እስከ እሁድ ማታ 2 ሰዓት 38 ሰዓት ነው። እንቅልፉን ስቀንስ፣ ውሃውን በዓይኔ ያየሁበት አራት ሰዓት አይሞላም። ቆሜና ተቀምጬ መኪና የጠበቅኩት ግን ከስምንት ሰዓት ይበልጣል። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወጣት ልጅ ከመርሳ ተነሥቶ በእግሩ ቢገሰግስ ቅዳሜ ሳይመሽ ከግማሽ በላይ ይሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ላሊበላ ደጋግመን አወራን። ሲኒየሮቹ «በቅዳሜና እሁድ አይሞከርም» አሉን። ቅዳሜ ወልድያ ድረስ መኪና ሲሞላ፣ ከወልድያ ሲሞላ፣ ጋሸና ላይ ሲቀየር ይመሻል፤ እሁድ ጠዋት መመለስ ነው። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ አንዱ ላሊበላ ነበር። ሰዎች ከዓለም ዳርቻ ተነሥተው የሚመጡበትን አሥራ አንድ ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ አውሮፕላን የሚሳፈሩለትን፣ እኛ አጠገቡ ሆነን በሁለት ቀን ልንደርስበት አልቻልንም። «ለመጪው ሴሚስተር» አልን። መጪው ሴሚስተር ፈተናው ተደራረበ። «ለገና» አልን። ገና ላይ ገንዘብ አጣን። ተመረቅን።

በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደዚያው መንገድ መጣ። ወልድያ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ በዜና በየቀኑ ስማቸው ሲጠራ፣ እኚያ ጥምጣማቸው የተፈታው አባት የት ይሆኑ፣ ዶሮ የታቀፉት እናት የት ይሆኑ እያልኩ ቁጭ እል ነበር። መኪናው እንደ ልብ በሚሄድበት፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት በእነዚያ ዓመታት ቅዳሜዎቻችን እንዴት ባክነው እንዳለቁ ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የቆጨኝ።

እናቴ ለምረቃዬ ከአሰላ ሁለት ቀን ተጉዛ መርሳ መጥታ ነበር። ጋዋኔን አስተካክላ፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ማታ ዶርም በር ላይ ተቀምጠን ብርቱካን እየላጠች፣ «እንደው ሳልጠይቅሽ፣ ላሊበላ ስትሳለሚ አሰብሽኝ?» አለችኝ። አልሄድኩም አልኳት። ብርቱካኑን መላጥ አቆመች። «ሦስት ዓመት ሙሉ? እዚህ አጠገቡ ሆነሽ? ምን ገጠመሽ ልጄ?»

ምን ብዬ ልንገራት? መኪና አልሞላ ብሎ ነው ማለት አፈርኩ። ብርቱካኑን ከእጇ ተቀብዬ የቀረውን ላጥኩላት።